ያላመመኝ ቁስል

ለእህቴ ለእታለም፤

እንደምን ነሽ? እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ባልዲ ስታነሺ ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ለማንም ሳትናገሪ ጥርስሽን ነክሰሽ ትውያለሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? ሬዲዮኑን እስከ ጥጉ ከፍተው «ምነው ድምፁ አነሰ» እያሉ ሰፈሩን መቀስቀሳቸውን አልተዉም? ጋሼስ፣ ባለቤትሽን ማለቴ ነው፣ ያችን አሮጌ መኪናውን አሁንም ከአንቺ አስበልጦ ይንከባከባታል? ልጅሽ ቁንጫስ? አንድ ቦታ ቁጭ ብላ ምሳዋን መጨረስ ለመደች ወይስ ዛሬም ከሶፋ ሶፋ እየዘለለች ነው የምትጎርሰው? የሁላችሁንም ጤንነት አብዝቼ እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ለወጉ አይደለም፤ መልሱን አንድ በአንድ እንድትጽፊልኝ ነው።

እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ። ፊደሎቼ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ መግዘፋቸው፣ መስመሩም እንደ ሰካራም መንገዳገዱ ለቀልድ እንዳይመስልሽ። በወፍራም እስክሪብቶ፣ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ አስደግፌ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ፤ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ግን እባክሽ ቁጭ በይ። አውቅሻለሁ፣ ደብዳቤ የምታነቢው በር ላይ ቆመሽ ነው።

ሳላድበሰብስ ልናገር። ከሦስት ወር በፊት ሥራ ላይ እያለሁ ቀኝ ዓይኔን ተጎድቻለሁ። ደህነኛዋን። የግራዋን ነገር ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ጥላና ቀለም ከመለየት አልፋ አታውቅም፣ የሰፈር ልጆች «አንድ መብራት» ሲሉኝም በድንጋይ የምታባርሪልኝ አንቺ ነበርሽ። እንግዲህ የተነካው ያ አንዱ መብራት ነው። ሕይወቴን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ሆስፒታልም አልተኛሁም፣ መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ አፌ ላይ ሲደርስ ስለ ብርዱ እያወራሁ ዘጋሁት። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽም ውሸት ነበር።

እንዴት እንደሆነ እንዲገባሽ የምሠራውን ሥራ ማስረዳት አለብኝ፤ እስካሁን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። ስትጠይቂኝ «ብርሃን ነው» እላለሁ፣ አንቺ ለጎረቤት «መብራት ነው የሚሠራው» ትያለሽ፣ ጎረቤት ደግሞ ቆጣሪያችን ተበላሽቷልና መቼ ነው የሚመጣው ይላል። ሥራችን ይህ ነው። አየሩ በሙሉ ተመጥጦ በወጣበት፣ ወፍራም መስኮት ባለው የብረት እቃ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የመዳብ ቁራጭ አለች። ፊቷን ለቀናት ስናጸዳ ከርመን እንከን የሌለባት ስትሆን፣ ላይዋ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ንጣፍ እናለብሳታለን። ጉዳዩ ሁሉ ያለው መዳቡና ንጣፉ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ነው። በብርሃን ስንመታው ከመዳቡ ኤሌክትሮን ተነሥቶ ወደ ንጣፉ ይሻገራል። ኤሌክትሮን ማለት ያው በሽቦ ውስጥ ሄዶ አምፖልሽን የሚያበራልሽ ነገር ነው፤ ስለዚህ ለጎረቤት ያልሽው ጨርሶ ውሸት አይደለም። ተሻግሮ ግን አይሰነብትም፤ ወዲያው ወደ መዳቡ ይመለሳል። እኛ የምንጠይቀው ምን ያህል ቆየ ብለን ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ጥያቄ ይኸው ነው።

አንዱን ሰከንድ ለሚሊዮን ቆርሰሽ፣ ከቁራሾቹ አንዱን አንሥተሽ እሱን ደግሞ ለቢሊዮን ብትቆርሺው፣ ኤሌክትሮኑ የሚቆየው ከዚያ ፍርፋሪ ጥቂቱን ያህል ነው። ይህን የሚለካ ሰዓት ስለሌለ ሁለተኛ የብርሃን ምት እናስከትላለን። የመጀመሪያው ከመዳቡ ያስነሣዋል፤ ሁለተኛው ገና ሳይመለስ ከደረሰበት ከነጭራሹ ወደ ውጭ አውጥቶ ለመቁጠሪያው መሣሪያ ያስረክበዋል። ሁለተኛውን ምት የምናዘገየው መንገዱን በማስረዘም ነው፤ መንገዱ ላይ ያለውን መስታወት ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ወደ ኋላ ገፋ እናደርገዋለን። አባባ ይህን ቢሰሙ «ጤነኛ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ ግን እወደው ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት የፓምፖቹ ድምፅ ሲቀበለኝ ቤቴ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ሁለቱ ምቶች መዳቧ ላይ አንድ ቦታ እንዲያርፉ እያስተካከልን ነበር። አብሮኝ የነበረው «ቀስ በል» የምንለው ባልደረባዬ ነው፤ በጥንቃቄው ብዛት ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ የሚለው «ቀስ በል» ስለሆነ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ብርሃናችንን ዓይን እምብዛም አያየውም። ካርድ ላይ ሲያርፍ ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ነው፤ ደካማ ይመስላል እንጂ ደካማ አይደለም፣ አብዛኛውን ማየት የማይችለው የእኛ ዓይን ነው። መከላከያ መነጽር አለን። መነጽሩን ስታደርጊ ግን ነጥቡም አብሮ ይጠፋል፣ ነጥቡ ከጠፋ ደግሞ ሥራ የለም። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ፣ ክልክል መሆኑ በሩ ላይ በቀይ ተጽፎ እያለ፣ መነጽሩን ለአፍታ ግንባሩ ላይ ሰቀል አድርጎ ነጥቡን ያይና ይመልሰዋል። እኔም ሰቀል አደረግኩት።

ሌላም ደንብ አለን፤ ጎንበስ ስትል ዓይንህን ጨፍን የሚል። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና የሚል ሰው ጭንቅላት መንገዱን ያቋርጣል። ትንሿ መፍቻ ከጠረጴዛው ወደቀች። ጎንበስ አልኩ፣ ጨፍኜ። በዳሰሳ አነሣኋት፣ እንደጨፈንኩ። ቀና አልኩና ከፈትኩ፤ ለካ ገና በደንብ ቀና አላልኩም ነበር። ያም ሆኖ በዚያ በኩል ሁልጊዜ ትርፍ ብርሃን የሚውጥ ጥቁር ማገጃ ብረት ይቆማል። ያን ዕለት ግን አልነበረም። ቀስ በል ለሌላኛው ጨረር ማገጃ አጥሮት ለአንድ አፍታ ወስዶታል፣ ሊነግረኝ አስቦ ነበር፣ ያኔ በር ላይ ኃላፊያችን ጠሩት፣ ረሳው። በሕይወቱ የረሳው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በጆሮዬ ሳይሆን ከጭንቅላቴ ውስጥ። አላመመኝም እታለም። ኋላ ያየችኝ የዓይን ሐኪም እንደነገረችኝ የዓይን ጀርባ ያያል እንጂ አያምም። የመስታወቱን ብሎን ላጠብቅ መፍቻዋን ይዤ ስጠጋ ብሎኑ የለም። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ቁጥሮቹ ዙሪያውን አሉ፣ ዘንጎቹ የሉም። ብርሃኑን ዘጋሁ፣ መፍቻዋን ቦታዋ መለስኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ቀስ በልን «ዓይኔ የሆነ ነገር ሆነ መሰለኝ» አልኩት፤ አነጋገሬ «ዝናብ ጀመረ መሰለኝ» እንደሚል ሰው ነበር። ፊቱ ነጭ የሆነው፣ ሲሮጥ በሩን የተላተመው እሱ ነው።

ሐኪሟ ዓይኔ ውስጥ ደምና እብጠት እንዳለ ነገረችኝ። ዙሪያው ደህና ነው፣ የተነካው መሃሉ ነው አለችኝ፤ ማንበቢያው፣ በመርፌ ክር ማስገቢያው፣ ሰው መለያው። እብጠቱ ሲጎድል ከሥሩ የተረፈ ነገር ካለ ይመለሳል፣ ከሌለ አይመለስም፣ ሦስት ወር ጠብቅ አለችኝ። እንግዲህ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። መሃሉ ከተመለሰ ወደ መዳቤ እመለሳለሁ፤ ካልተመለሰ ከእንግዲህ መጽሐፍ ገልጬ እንደ ሰው አላነብም። በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ ቆሜ ከማዶ ያለውን ሕንጻ ቁጥር ለማንበብ እሞክር ነበር። ሕንጻው አለ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ አለ፣ ቁጥሩ የለም። ሻዬን ጠጥቼ ቀኑን እቀጥላለሁ።

ከዓይኔ ይልቅ የገረመኝን ልንገርሽ፤ ምንም አይሰማኝም። አንቺ እሳት እያልሽ የምትጠሪኝ ልጅ፣ ኳስ ተነጠቅሁ ብሎ የሰው ጥርስ የሚያወልቀው ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሁም። ምግብ ምግብ አይለኝም፣ ግን እበላለሁ። ዘፈን እከፍታለሁ፣ ሲያልቅ ነው ከፍቼው እንደነበር ትዝ የሚለኝ። ሰው ሲያዝንልኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኛል። አንድ ቀን ትኩስ ድስት በባዶ እጄ አንሥቼ፣ ማቃጠሉን አውቄ፣ ቀስ ብዬ ቦታው አስቀመጥኩት። ያኔ ትንሽ ፈራሁ።

ቀስ በል ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ዳቦና ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ ፖስታዎቼን ያነብልኛል፣ ሳልጠይቀው ወለሉን ይጠርጋል። ማገጃውን እሱ እንዳነሣው ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ ለኃላፊያችን ተናግሯል፤ እሳቸውም ሥራውን አላስለቀቁትም፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዳያሠለጥን ግን ከለከሉት። አንድ ምሽት ሳህን እያጠበ ድንገት ውሃውን ዘጋና ጀርባውን እንደሰጠኝ «ስደበኝ» አለኝ። «አንዴ ስደበኝና ልረፍ። ወይ ምታኝ።» የምለው ስድብ ፈለግኩለት እታለም፣ ከልቤ ፈለግኩለት፤ ባዶ ነው። «ሳህኑ ላይ ሳሙና ቀርቷል» ብቻ አልኩት። ያንን ሳህን ደጋግሞ ሲያለቀልቀው አመሸ።

ልኬቱን ያለ እኔ ጨረሱት። ኃላፊያችን ሥራው ሲያልቅ ውጤቱን በትልቅ ወረቀት አሳትመው ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ክፍሌ ድረስ አመጡልኝ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ጥሩ ውጤት ነው። ንጣፉ ላይ ሌላ ንጣፍ ሲደረብ ኤሌክትሮኑ ከጠበቅነው አብልጦ ቆይቷል፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን የደከምነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። ስዕሉ ጉብታ ነው፤ ከግራ በኩል ይነሣል፣ መሃል ላይ ሁለቱ ምቶች እኩል ሲደርሱ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ኤሌክትሮኑ ወደ መዳቡ ሲመለስ በቀኝ በኩል ይወርዳል። ጫፉን ለማየት ዓይኔን ጣል ሳደርግ ጫፉ ይጠፋል። አቀበቱ አለ፣ ቁልቁለቱ አለ፣ መሃል ላይ ወረቀት ብቻ። እሳቸው በጉጉት ያዩኛል። «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ቆንጆ ነው» አልኳቸው። ስሜን ከሁሉም ፊት እንደሚያስቀድሙት ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው፣ ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው፣ ተመልሼ ወረቀቱን ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወሩ ሞላ። ሐኪሟ መብራቱን አጥፍታ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «እብጠቱ ሄዷል። ከሥሩ የቀረው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ አያይም» አለችኝ። ከእንግዲህ የሚመለስ ነገር እንደሌለ፣ የሚብስም ነገር እንደሌለ፣ በዚህ እንደምኖር ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አስተማረችኝ፤ ማየት የምትፈልገውን ነገር በቀጥታ አትየው፣ ትንሽ አለፍ አድርገህ ጎኑን እየው፣ ያኔ በዓይንህ ጠርዝ ይመጣልሃል አለችኝ። ልምምድ ይፈልጋል፣ ሰውም ይቀየመዋል አለች። ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡስ ሲመጣ ቁጥሩን ማንበብ ስላልቻልኩ ሾፌሩን ጠየቅኩት፣ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ነበር፣ ገባሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እስኪ ላልቅስ ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም አልመጣም።

ኃላፊያችን ሥራህ እንዳለ ነው ብለውኛል። ቤተ ሙከራ ሳልገባ ትልቅ ስክሪን ላይ ቁጥሮቹን እየመረመርኩ መቀጠል እችላለሁ፤ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራምም ያስጭኑልኛል። ልቆይ ወይስ ልምጣ ገና አልወሰንኩም። ስወስን በቅድሚያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

ከትናንት በስቲያ እሑድ ስትደውይልኝ ግን ካሜራውን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፣ ብቻ ከፈትኩት። በጣም ነው የጮህሽው፤ «በመጨረሻ!» እያልሽ። ፊት ለፊት አየሁሽ። ሻሽሽ አለ፣ አረንጓዴው። ትከሻሽ አለ፣ ከኋላሽ የሳሎኑ መጋረጃ አለ፣ ቁንጫ ከጎን እየዘለለች ትገባለች ትወጣለች። ፊትሽ የለም። አንቺ በሳቅ ታወሪኛለሽ፣ እኔ ሻሽና ትከሻ እያየሁ እሰማሻለሁ። ሐኪሟ ያለችኝን አደረግኩ። ዓይኔን በጆሮሽ በኩል አሳልፌ መጋረጃው ላይ አሳረፍኩት። መጣሽ። ደብዝዘሽ፣ በጠርዝ በኩል፣ ግን አንቺ ነሽ። ከስተሻል እታለም። ግንባርሽ ላይ ከዚህ በፊት የማላውቀው መስመር አለ። አባባን መስለሻል። መጋረጃው ላይ እንዳፈጠጥኩ አንቺን ሳይሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ሳቅሽ ቆመ። «ምነው፣ እኔን ማየት ጠላህ?» አልሽኝ። ድምፅሽ ተቀይሮ ነበር። ኔትዎርክ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ከዘጋሁት በኋላ አመመኝ። ዓይኔን አይደለም። ደረቴን ነው ያመመኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ፣ አንቺ ብታዪኝ በኩርኩም ትዪኝ ነበር። ሲወጣልኝ ለቀስ በል ደወልኩለትና ሰደብኩት። ከቤታችን የማውቀውን፣ ከሰፈር የለቀምኩትን፣ እዚህ የተማርኩትንም ጨምሬ፤ ያለ ማጋነን ሻይ እስኪፈላ ድረስ ሰደብኩት። አንድ ቃል ሳይመልስልኝ ሰማኝ። ስጨርስ እሱም እያለቀሰ «ነገ ሾርባ ላምጣ?» አለኝ። አምጣ አልኩት።

ለአባባ አንቺ በምታውቂበት መንገድ ንገሪያቸው፤ ሁለት ጊዜ መናገር እንዳይኖርብሽ ሬዲዮኑን አስቀድመሽ ዝጊው። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለጋሼ የወንድምነት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በመኪናዋ ጉዳይ ያልኩትን በቀልድ ይያዝልኝ፣ ግማሹን ብቻ። ቁንጫን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን ስዕል እስከ አፍንጫዬ አስጠግቼ፣ ጎን ጎኑን እያየሁ፣ ቤቱንም ውሻውንም አግኝቻቸዋለሁ በያት፤ ውሻው ካልሆነም ላም ነው። በአጥር ማዶ ላሉት ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን፣ ስለ እኔ ሲጠይቁሽ ደህና ነው ብለሽ አሳጥሪላቸው፤ እንዲያውም ሙሉውን ንገሪያቸው፣ መደበቅ ሰልችቶኛል።

አንቺን ደግሞ፣ እህቴ፣ እጅ ነሥቼ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እሑድ ካሜራውን እከፍተዋለሁ። ብርሃን ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ በመስኮቱ በኩል ተቀመጪልኝ። ፊት ለፊት አፍጥጬ ሳይሽ አትደሰቺ፤ ያኔ ከሻሽሽ በቀር ምንም አላገኘሁም ማለት ነው። ዓይኔ ካንቺ ላይ ተነሥቶ መጋረጃው ላይ ሲሄድ ግን አትቀየሚኝ፣ ቦታሽንም አትቀይሪ። እያየሁሽ ነው።

ወንድምሽ

ከመኖሪያ ክፍሌ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፬ ቀን